ታጥቦ የማይበላሽ የጨርቅ ማስክ አሰፋፍ፦ ለሰፈር ለምትሰፉ ሁሉ

የኮሮና ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የስፌት መኪና ያለው ሁሉ ማስክ ይሰፋ ነበር። እኛም ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ ሦስት የእግር መኪና አሰልፈን እንሰፋ ነበር። ወደ እኛ የሚመጣው ቅሬታ ግን ሁልጊዜ ያው ነበር። "ታጥቦ ጠበበ።" "ጆሮዬን ቆረጠኝ።" "ትንፋሽ ያሳጣል።" "መነጽሬን ጉም ያለብሰዋል።"

የመጀመሪያዎቹን 40 ማስኮች እኛም አበላሽተናል። ጨርቁን ሳናጥብ ቆረጥነው። ሰዎቹ ወስደው በፈላ ውኃ ሲያጥቡት ተሰበሰበ። አፍንጫ ሲሸፈን አገጭ ይወጣል፣ አገጭ ሲሸፈን አፍንጫ ይወጣል። አንዲት እናት ይዘውት መጡና "ልጄ፣ ይኼ ለሕፃን የተሰፋ ነው እንዴ?" አሉኝ። አርባውንም ሰብስበን እንደገና ጀመርን።

ስለዚህ ደረጃ አትዝለሉ። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው መኪናው ገና ሳይነሳ ነው።

ማን ያድርገው፣ ማን አያድርገው

የጨርቅ ማስክ ዋና ሥራው ስንናገር፣ ስናስልና ስናስነጥስ የሚወጣውን ፍንጣቂ መያዝ ነው። እጅ መታጠብንና ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅን አይተካም። ሰው ሲወስድ ይህን አብራችሁ ንገሩት።

ለእነዚህ ሰዎች የጨርቅ ማስክ አትስጡ፦

- ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች። በተለይ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይደረግም፤ ያፍነዋል።
- ራሱን ለሳተ፣ መተንፈስ ለሚከብደው፣ ወይም ማስኩን በራሱ እጅ ማውለቅ ለማይችል ሰው።
- ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕመምተኛ ለሚያክም ባለሙያ። እሱ የሚያስፈልገው የሕክምና ማስክ ነው።

ሳልና ትኩሳት ያለው ሰው፣ ቤት ውስጥ የሚያስታምመውም ሰው፣ የሕክምና ማስክ ቢያገኙ ይሻላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑና የቆየ ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

ለ30 የአዋቂ ማስክ፦

- ለውጭ፣ ለመካከልና ለውስጥ የሚሆን ጨርቅ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ከእያንዳንዱ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር
- ወርዱ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ላስቲክ 11 ሜትር፣ ወይም የማሰሪያ ጨርቅ
- በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ 3 ሜትር ተኩል
- የፖሊስተር ክር፣ የመኪና መርፌ ቁጥር 14 (መለዋወጫም ያዙ)
- ስፒል፣ ሜትር፣ የጨርቅ መቀስ፣ ካውያ፣ ጠንካራ ካርቶን
- ለምልክት የሚሆን የሳሙና ስባሪ

ከጨርቁ ላይ ያለችው 10 ሳንቲሜትር ትርፍ አይደለችም። ታጥቦ ለሚጠብበት ነው። ብትን ጨርቅ ሱቅ "1 ሜትር ይበቃሃል" ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። የጨርቁ ወርድ 90 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ከ1 ሜትር የሚወጣው 16 ገደማ ነው፤ ያንን አስልታችሁ ግዙ።

ደረጃ 1፦ ጨርቁን ምረጡና ፈትኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ምክር የጨርቅ ማስክ ሦስት ድርብ ቢሆን ይመረጣል ብሏል። ሦስቱ ድርቦች ሥራቸው የተለያየ ነው።

ውስጠኛው፣ ከአፍ ጋር የሚነካካው፣ እርጥበት የሚመጥ ጥጥ ይሁን። አቡጀዴ ጥሩ ነው። ያረጀ ግን ያልሳሳ የጥጥ አንሶላም ይሆናል።

ውጭኛው ውኃ ቶሎ የማይመጥ ይሁን። ቴትሮን ወይም ፖሊስተር የተቀላቀለበት የሸሚዝ ጨርቅ ይሆናል።

መካከለኛው ማጥለያ ነው። ጨርቅ የሚመስለው፣ ግን ያልተሸመነው የገበያ ቦርሳ ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ ይስማማል። ጽሑፍ የታተመበትን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። ከላዩ እንደ ፕላስቲክ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት አትውሰዱ። አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፉበት፤ ትንፋሽ ጭራሽ ካላለፈ ተውት። ደህናውን ካጣችሁ በእሱ ፈንታ ሌላ ድርብ ጥጥ አስገቡ።

አሁን ፈተናው።

የብርሃን ፈተና። ጨርቁን ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል ያዙት። እጃችሁን ከጀርባው አድርጉ። ጣቶቻችሁን መቁጠር ከቻላችሁ ጨርቁ የላላ ነው። ብዙ እናቶች "ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል ባደርግስ?" ብለው ይጠይቁን ነበር። እኛ ነጠላ መስኮት ላይ ይዘን እናሳያቸው ነበር። ጣት ብቻ ሳይሆን የጣት ቀለበትም ይታያል። ነጠላ ሲሸመን እንዲሳሳ ተብሎ ነው የሚሸመነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የትንፋሽ ፈተና። ሦስቱን ድርብ ደራርባችሁ አፍና አፍንጫችሁ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ ደቂቃ በዝግታ ተንፍሱ። ደረታችሁ ከታገለ አይሆንም። ጂንስና ወፍራም ካኪ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ትንፋሽ በጨርቁ ማለፍ ሲያቅተው በጎን ሾልኮ ይወጣል። ያኔ ማስኩ ለይምሰል ይሆናል።

የመለጠጥ ፈተና። ሁለቱን ጫፍ ጎትቱ። ከተለጠጠ ተውት። ካኔቴራ ሲለጠጥ ቀዳዳው ይከፈታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አዲስ አቡጀዴ ሱቅ ውስጥ ድርቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ ይመስላል። ይህ ከፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ ነው። ሲታጠብ ይለቃል፤ ጨርቁም ይሳሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምኑና በሙቅ ውኃና በሳሙና አሽታችሁ አድርቁ፤ ከዚያ የብርሃኑን ፈተና ድገሙ። ባለሱቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሯቸው።

ደረጃ 2፦ ሳትቆርጡ እጠቡ

1. ጥጡን በፈላ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ቴትሮኑንም አብራችሁ አስገቡ።
2. ሳትጠመዝዙ ጨምቁ። ጠምዝዛችሁ ከጨመቃችሁት ይጣመማል፣ ስትቆርጡም አራት ማዕዘኑ ይዛባል።
3. ጥላ ባለበት አስጡ። ክረምት ከሆነ ግቢ ውስጥ ቶሎ አይደርቅም። በረንዳ ላይ ነፋስ በሚያገኘው በኩል ዘርጉት።
4. ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሱት።

ያልተሸመነውን ቦርሳ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ይበቃል። ካውያ ግን አታሳዩት፤ ይቀልጣል።

መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ የምትተኩሱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ውጭ ወስዳችሁ አመዱን አራግፉ። አሮጌ ጨርቅ ላይ አንድ ጊዜ ሞክሩት። አንዲት ፍንጣሪ ከሦስቱ ድርብ ሁለቱን ትበሳለች፤ ቀዳዳውም ካልተፈለገ ዓይን አይገባም።

ደረጃ 3፦ ቅዱን ሥሩና ቁረጡ

ቅድ የምንለው ጨርቁ በልኩ የሚቆረጥበትን ካርቶን ነው። ካርቶን ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ቁረጡ።

- ለአዋቂ፦ 23 በ19 ሳንቲሜትር
- ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ፦ 19 በ16 ሳንቲሜትር

በዚህ ውስጥ ዙሪያውን የ1 ሳንቲሜትር የስፌት ቦታ አለ። ሌላ አትጨምሩ።

ቅዱን ጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አስምሩ። የቅዱ ጠርዝ ከጨርቁ የክር አቅጣጫ ጋር እኩል ይሂድ። ገደድ ብሎ ከተቆረጠ ማስኩ ከሁለተኛ እጥበት በኋላ ይጣመማል። አራት አራት ጨርቅ ደራርቦ መቁረጥ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የታችኛው ይሸሻል።

ለእያንዳንዱ ማስክ አንድ የውጭ፣ አንድ የመካከል፣ አንድ የውስጥ ቁራጭ ይኑር። የውጩን ባለቀለም፣ የውስጡን ነጭ አድርጉት። የሚያደርገው ሰው የትኛው በኩል ወደ አፉ እንደሚሆን በዓይኑ ይለያል። ይህች ትንሽ ነገር ከብዙ ስህተት አድናናለች።

ካርቶናችሁን በየ20 ቁራጩ ለኩት። በመቀስ እየተላጨ ሳይታወቅ ያንሳል።

ደረጃ 4፦ ላስቲክ ወይስ ማሰሪያ?

ላስቲክ ከሆነ፣ ለአዋቂ 18 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጭ፣ ለልጅ 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጭ። ከመስፋታችሁ በፊት አንዱን በስፒል አያይዛችሁ ሰው ላይ ለኩ። ላስቲክ ሁሉ እኩል አይለጠጥም፤ ጠንካራው ከሆነ ለአዋቂ 1 ሳንቲሜትር ጨምሩ።

እኔ ግን ለብዙ ሰው ማሰሪያ እመርጣለሁ። ሻሽ ለሚያስሩና ነጠላ ለሚለብሱ እናቶች፣ ለሚጠመጥሙ ካህናት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያደርጉ የባጃጅ ሾፌሮች ማሰሪያ ይመቻል። ጆሮ አይቆርጥም። ደጋግሞ ሲፈላም እንደ ላስቲክ አይለቅም።

ማሰሪያ አሠራር፦

1. ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 4 ሳንቲሜትር የሆነ ጨርቅ፣ ለአንድ ማስክ አራት ቁረጡ። ቴትሮን ይሻላል።
2. ሁለቱን ረጅም ጠርዝ ወደ መሐል እጠፉ፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት እጠፉ። 1 ሳንቲሜትር ይሆናል።
3. አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ።

ደረጃ 5፦ ሦስቱን ድርብ አገጣጥሙ

ቅደም ተከተሉን ሳታዛቡ እንዲህ ደርድሩ።

1. የውጩን ጨርቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ረጅሙ ጎን በአግድም ይሁን።
2. ላስቲኩን በቀኝና በግራ አጭር ጎን ላይ አስቀምጡ። አንዱ ጫፍ ከላይኛው ማዕዘን፣ ሌላው ከታችኛው ማዕዘን 1 ሳንቲሜትር ተኩል ይራቅ። ቀለበቱ ወደ ጨርቁ መሐል ይተኛ። ጫፎቹ ከጨርቁ ጠርዝ ትንሽ ይውጡ። እንዳይጠማዘዝ አስተካክሉና በስፒል ያዙ። ማሰሪያ ከሆነ አራቱን እዚያው ቦታ አድርጋችሁ ትርፉን መሐል ላይ ጠቅልሉት።
3. የውስጡን ጨርቅ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ከላዩ አልብሱ።
4. መካከለኛውን ከሁሉም በላይ አድርጉ።

አዎ፣ "መካከለኛው" አሁን ከላይ ነው። ሲገለበጥ ራሱ መሐል ይገባል።

5. ከላይኛው ረጅም ጎን መሐል ላይ 6 ሳንቲሜትር ክፍት የሚቀርበትን ቦታ በሁለት መስመር ምልክት አድርጉ።
6. ከአንዱ ምልክት ጀምራችሁ ዙሪያውን ከጠርዝ 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ስፉና ሌላው ምልክት ላይ ቁሙ። መነሻና መድረሻው ላይ ወደ ኋላ መልሳችሁ አጥብቁ። ላስቲኩ ባለበት ሁለቴ እለፉበት።
7. አራቱን ማዕዘን ገደድ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከስፌቱ 3 ሚሊሜትር ራቁ። ስፌቱ ከተነካ ማዕዘኑ ሲገለበጥ ይፈነዳል።

ሲበላሽ

ክሩ ከሥር ከተንዛዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው። የመርገጫውን እግር አንሥታችሁ የላዩን ክር ከመጀመሪያው እንደገና አስገቡ።

መኪናው ስፌት ከዘለለ መርፌው ደንዟል ወይም ቀጥኗል። ቀይሩት።

ጨርቁ እየተሸበሸበ ከሄደ ስፒል ጨምሩ ወይም መጀመሪያ በእጅ ሸልሉት፤ ማለትም ኋላ በሚፈታ ረጃጅም ስፌት ያዙት። በእጅ መሸለል ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ መፍታት ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

መኪና የላችሁም? በእጅም ይሰፋል። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ፣ ስፌቱን ከ3 ሚሊሜትር ሳታስበልጡ ስፉ። ድርብ ክር ተጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ ገልብጡና የአፍንጫውን ሽቦ አስገቡ

በክፍቱ ቦታ በኩል ገልብጡ። እጃችሁን የምታስገቡት በውጩና በውስጡ ጨርቅ መካከል ነው። በመካከለኛውና በውስጡ መካከል ከገባችሁ ያልተሸመነው ጨርቅ ወደ ውጭ ይወጣል። ያ ከሆነ መልሳችሁ ገልብጡና ትክክለኛውን ኪስ ፈልጉ፤ መፍታት አያስፈልግም።

ማዕዘኖቹን ጫፉ ባልሾለ እንጨት ግፏቸው። በመቀስ ጫፍ የሚገፋ ሰው ቀዳዳ ያወጣል።

አሁን ለአዋቂ ማስክ 21 በ17 ሳንቲሜትር አራት ማዕዘን መሆን አለበት። ለኩት። ከግማሽ ሳንቲሜትር በላይ ካነሰ የስፌት ቦታችሁ ሰፍቷል። ለሚቀጥለው አስተካክሉ።

ሽቦውን 11 ሳንቲሜትር ቁረጡ። ሁለቱንም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሳንቲሜትር ቆልምሙ፣ 10 ይሆናል። ያልተቆለመመ ሽቦ ከሁለት እጥበት በኋላ ጨርቁን በስቶ ፊት ይወጋል። ለዓይን ቅርብ ቦታ ነው፤ አደራ።

ሽቦውን በክፍቱ አስገብታችሁ ከላይኛው ጠርዝ ጋር አስጠጉት፤ መሐል ላይ ይሁን። የክፍቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በስፒል ያዙ። ከጠርዙ 2 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ። ከዚያ 8 ሚሊሜትር ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር ስፉ። ሽቦው በሁለቱ መስመር መካከል ይታሰራል። በቀኙና በግራው ጫፍ አጭር ስፌት ቀጥ አድርጋችሁ ዝጉት፤ ያለዚያ ሲታጠብ እየሸሸ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል።

ሽቦው አጠገብ በፍጥነት አትርገጡ። ጎማውን በእጅ አዙሩት። መርፌ ሽቦ ከመታ ተሰብሮ ይፈናጠራል።

ደረጃ 7፦ እጥፋቱ

ሰው ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ነው። በዓይን ግምት የሚያጥፍ ሰው ቀኙን 9፣ ግራውን 11 ሳንቲሜትር ያደርገዋል። ማስኩም ፊት ላይ ይንጋደዳል።

መለኪያ ሥሩ። 17 ሳንቲሜትር የሆነ ቀጭን ካርቶን ቁረጡ። ከላይ ጀምራችሁ እነዚህ ቦታዎች ላይ በመቀስ ነካ አድርጉት፦ 3፣ 5.5፣ 7፣ 9.5፣ 11፣ 13.5። ለልጅ ካርቶኑ 14 ይሁን፤ ምልክቶቹ 2.5፣ 4.5፣ 6፣ 8፣ 9.5፣ 11.5 ላይ ይሁኑ።

1. ማስኩን የውጩን ፊት ወደ ላይ አድርጉ። ሽቦው ወደ ላይ ይሁን።
2. ካርቶኑን ግራ ጎን ላይ አስቀምጣችሁ ስድስቱንም ምልክት አድርጉ። ቀኝ ጎንም እንዲሁ።
3. 3 ላይ ያለውን ምልክት በሁለቱም ጎን ቆንጥራችሁ ያዙና ወደ ታች ስባችሁ 5.5 ላይ አስተኙት። በስፒል ያዙ።
4. 7ን ወደ 9.5፣ 11ን ወደ 13.5 በተመሳሳይ መንገድ አውርዱ።
5. ቁመቱን ለኩ። 9 ሳንቲሜትር ተኩል መሆን አለበት። ለልጅ 8 ነው።

ሦስቱም እጥፋት ከውጭ ሲታዩ አፋቸው ወደ ታች ይከፈት። ወደ ላይ ከተከፈተ አቧራና ፍንጣቂ የሚሰበስብ ኪስ ይሆናል።

እጥፋቱ እንዲጸና መተኮስ ከፈለጋችሁና መካከለኛው ያልተሸመነ ከሆነ፣ ከላዩ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ነካ ብቻ አድርጉት። የከሰል ካውያ ከሆነ ተዉት፤ ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም። በጥፍር መጫን ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ጎኖቹን ዝጉ

ሁለቱን አጭር ጎን ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ ከላይ እስከ ታች ስፉ። ከዚያ 5 ሚሊሜትር ርቃችሁ ድገሙት። የታችኛውን ጠርዝም አንድ ጊዜ ስፉበት።

እጥፋቱ ባለበት ላይ ከ9 ድርብ በላይ ጨርቅ አለ። መኪናው ያጉረመርማል። እንዳትገፉት። እግራችሁን አንሡና ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ እለፉ። መርፌው ከተጣመመ ቁጥር 16 አስገቡ። ስፒሎቹን መርፌው ሳይደርስባቸው አንድ በአንድ እያወጣችሁ ሂዱ፤ ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ስፒል ውስጡ የቀረ ማስክ ለሰው መስጠት አይገባም።

ደረጃ 9፦ ሳትሰጡ ፈትሹ

እያንዳንዱን ማስክ እነዚህን አሳልፉት፦

- ላስቲኩን አራቱም ቦታ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጎትቱ። ከላላ ድገሙበት።
- በጣታችሁ ውስጡን ሁሉ ዳስሱ፤ ስፒል፣ የሽቦ ጫፍ፣ የመርፌ ስባሪ።
- ወደ ብርሃን ያዙት። በእጥፋቱ ዙሪያ የመርፌ ቀዳዳ ተቀዶ እንደሆነ ይታያል።

ከየ10ሩ ደግሞ አንዱን አውጡና አድርጉት። ለአምስት ደቂቃ አውሩ፣ ደረጃ ውጡና ውረዱ። ትንፋሽ ስትስቡ ጨርቁ በትንሹ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ስታወጡ ሲነፋ ካያችሁ አየሩ የሚያልፈው በጨርቁ ነው። ጉንጫችሁ ላይ ንፋስ ከተሰማችሁ በጎን እየሾለከ ነው፤ ላስቲኩን አሳጥሩት።

ሌላም ቀላል ሙከራ አለ። አድርጋችሁት፣ አንድ ሰው የበራ ሻማ በስንዝር ርቀት ይያዝላችሁ። እፍ በሉ። በቀላሉ ከጠፋ ጨርቃችሁ ላልቷል። ይህ ግምት ነው እንጂ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም። ጸጉርና ሻሽ ከእሳቱ ይራቅ።

መነጽር ላይ ጉም የሚሠራው ትንፋሽ በአፍንጫ በኩል ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። ሽቦውን በሁለት ጣት ከአፍንጫው አጥንት ጀምራችሁ ወደ ጉንጭ ጫኑት። መነጽሩ ከማስኩ በላይ ይቀመጥ። አሁንም ጉም ካለበት ሽቦው አጥሯል።

ደረጃ 10፦ እጠቡ፣ አሽጉ፣ አሳዩ

የሰፊዎቹ ንጽሕና የማስኩ ንጽሕና ነው። ጉንፋን ቢጤ እንኳ የያዘው ሰው ያን ሳምንት አይስፋ። ስትሰፉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ማስክ አድርጉ፣ መኪናዎቹን አራርቁ፣ መስኮት ክፈቱ።

ያለቁትን በሳሙና አጥባችሁ አፍሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ቢያንስ 60 ስለሆነ ከበቂ በላይ ነው። በደንብ አድርቁ። ሽታው እርጥብ ከሆነ አላለቀም ማለት ነው። ከደረቀ በኋላ በታጠበ እጅ ሁለት ሁለቱን በንጹሕ ወረቀት ወይም በአዲስ ፌስታል አሽጉ። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ አትስጡ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው መደረግ አለበት፤ በዝናብ ወቅት ሦስት ቢሆን ይመረጣል። የረጠበ ማስክ ወዲያው ይቀየራል።

ስትሰጡ አድርጋችሁ አሳዩ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብትሰጡ ብዙ ሰው አያነበውም። እኛ ለጤፍ ነጋዴዎች፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ለሚሸጡ፣ ወደ ዘጌ ለሚመላለሱ የጀልባ ሠራተኞች ስንሰጥ አንድ በአንድ አስደርገን ነበር። የምንናገረውም ይህን ነበር፦

"ከማድረግዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ። ነጩ ወደ ውስጥ፣ ሽቦው ወደ ላይ። አፍንጫዎን ይሸፍን፣ አገጭዎን ይያዝ። ሲናገሩ ወደ አገጭ አያውርዱት። ሲያወልቁ ፊቱን አይንኩ፣ ማሰሪያውን ይዘው ያውልቁ። ከዚያም እንደገና እጅዎን ይታጠቡ። በየቀኑ ይታጠብ። ለሌላ ሰው አይዋስ።"

እጥበቱን እንዲህ ንገሯቸው፦ በሳሙና እሹት፣ ከዚያ ውኃው ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ የቸገረው ሰው ለቡና በሚጣደው እሳት ላይ በሌላ ዕቃ ሊያፈላው ይችላል። የቡናው ጀበና ውስጥ ግን አይደለም፤ ይህንንም መናገር አስፈልጎናል። በረኪና ካልቸገረ አትምከሩ። ላስቲክ ይጨርሳል፣ በደንብ ካልተለቀለቀም ሽታው ደረት ይይዛል።

ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ጣና ውስጥ አይጠብ። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ያለበት ነው፤ ሳሙናውም ለሐይቁ አይበጅም። ውኃ ቀድቶ ቤቱ ያፍላ።

ጨርቁ ከሳሳ፣ ከተቀደደ፣ ላስቲኩ ከላላ ይቀየር። ላስቲክ ብቻ ከሆነ የተበላሸው ጎኑን ፈታችሁ ቀይሩለት። ጨርቁ ያለቀበት ማስክ ሲመለስላችሁ ፈልቶና ታጥቦ መሆኑን ጠይቁ፣ ካልሆነ ራሳችሁ አፍሉት። ከዚያ ሽቦውን አውጥታችሁ ቀጥ አድርጉና ለሚቀጥለው አስቀምጡት።